ከኋላዋ የተሣለችው ላም

ሰሞኑን ጎረቤቴ የግቢውን በር ቀለም ሲቀባ የአኳራጅ ሽታ በመስኮቴ ገባና አፍንጫዬን ይዞ ወሰደኝ። ሌላው ሽማግሌ ያለፈ ዘመኑን በአበባ ሽታ ያስታውሳል አሉ፤ እኔን ግን የሚያባባኝ የቀለም ማቅጠኛ ነው። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስምገው የኖርኩት እሱን ነው። የወሰደኝም እዚሁ ቡታጅራ፣ እትዬ ሸምሲያ ቤት ነው።

እትዬ ሸምሲያ የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ። ጎጇቸውን ከእኛ ቤት የሚለየው የእንሰት አጥር ብቻ ነበር። ሲገቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳው ቀስ እያለ ብቅ ይላል፤ በቀይ አፈር የተለሰነ፣ በላዩ ላይ በነጭ አፈር ሦስት ጣት የሳበው ሞገድ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀሉ የወተት ቅሎች፣ ባለ ቀለም ስፌቶች። ከምሶሶው ወዲያ ደግሞ ላሚቷ። የምታድረው ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነበርና በእሳቱ ብርሃን ጀርባዋ አንዴ ይቀላል፣ አንዴ ይጠፋል።

ለአረፋ በዓል ያ ግድግዳ እንደ አዲስ ይለሰናል። እኔ የማልረባው አንድ ዓመት ገና ሳይደርቅ በከሰል ሰው ሣልኩበት። ይገርፉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩትና “ይሄ ሰው ነው ድንች?” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ከሰሌ ሆነ።

ሌላው አድጎ ሐኪም ወይም ነጋዴ ይሆናል፤ እኔ አድጌም ያው ከሰሌ ሆንኩ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ የገባ ሰሞን ሱቅ ያልከፈተ ሰው አልነበረምና ማስታወቂያ ጻፍልን፣ ፀጉር ቤታችን በር ላይ ጭንቅላት ሣልልን የሚለኝ በዛ። ሥጋ ቤት በር ላይ የሣልኩት በሬ ውሻ መስሎ ባለቤቱን ደንበኛ አሸሽቼበታለሁ።

በዚያ ዘመን ነው መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው ልጃቸው ጀማል ጎጆውን አፍርሶ በቦታው የብሎኬት ቤት የሠራላቸው። ቆርቆሮው ከሩቅ ያበራል። ኮርኒስ አለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ነጭ ዘይት ቀለም። ላሚቷ ተሸጠች። ቅሉና ስፌቱም ግድግዳ ያቆሽሻል ተብሎ ለዘመድ ታደለ።

እትዬ ሸምሲያ ጥቂት ቀን ሞከሩት። ከዚያ ፍራሻቸውን ጠቅልለው እኛ ማድቤት መጥተው ማደር ጀመሩ። እናቴን፣ “ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። እንቁላል ውስጥ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ” አሏት። አረፋ ሲቃረብ ቀይ አፈር በጥብጠው፣ በለመዱት ሦስት ጣታቸው ነጩ ግድግዳ ላይ ሞገዳቸውን ሳቡበት። ሲስቡት አምሮ ነበር። ዘይት ቀለም ግን አፈር አይዝም፤ ሲደርቅ እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ረገፈ። ጠርገው ደግመው ሳቡ፤ ደግሞ ረገፈ።

ጀማል ለበዓሉ ሲመጣ እናቱን ያገኛቸው ጎረቤት ማድቤት ውስጥ ነው። “ሰው ምን ይላል እማ? ቤት ሠርቶ እናቱን አባረረ ነው የሚለኝ! በዓሉ ሲያልፍ አብረን አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ በቃ!” አላቸው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ሲል እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸው “እዚያ ሄጄ ደግሞ የማንን ፊት አውቃለሁ?” አሉት።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጡ።

“ከሰሌ፣ ያንተ ቀለም እዚያ ግድግዳ ላይ ይይዛል?”

“ቀለሜስ ይይዛል፤ የሚያሳፍረው እጄ ነው እንጂ።”

“እንግዲያው ላም ሣልልኝ።”

ጀመርኩ። ቀንዷ አማረ። ፊቷ ላይ ስደርስ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጀማል ወጣ። ቁርጥ ጀማል! እትዬ ሸምሲያ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ “ያ ረቢ! ልጄን ቀንድ አበቀልክበት?” ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ፣ “አጥፋው ልጄ። የምሰግድበት ቤት ነው፣ ፊት ያለው ሥዕል አልፈልግም። ከኋላዋ ሣላት። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት የኖርኩት ከኋላዋ ነው፤ ማታ ማታ እየነዳሁ ሳስገባት” አሉኝ።

ለካ ለእኔ የተፈጠረው ጥበብ ይሄ ነበር! ሰፊ ዳሌ፣ የተንጠለጠለ ጭራ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ሆድ፤ ከፊቷ በእንሰት መሃል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ፣ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ የሚጠፋ። ዙሪያውን እሳቸው ራሳቸው ጣታቸውን ቀለሜ ውስጥ ነክረው ሞገዱን ሳቡበት። አልረገፈም። ጣታቸውን በአኳራጅ ስጠርግላቸው እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው ግድግዳውን ያዩ ነበር።

ጀማል ገብቶ ሲያየው ደርቆ ቀረ። “ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ይሄን ሁሉ ብሎኬት የደረደርኩት የላም ቂጥ ላይበት ነው?”

እናቱ ቀድመውኝ፣ ከእኛ ማድቤት መልሰው ካመጡት ፍራሻቸው ላይ ሆነው፣ “ተዋት። እሷ ወደ ቤቷ እየገባች ነው፤ አዲስ አበባ የምትሄደው አንተ ነህ” አሉት።

ጀማል ላሟን አየ፤ ተመልሶ የተነጠፈውን ፍራሽ አየ። ጫማውን አውልቆ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ “ጭራዋ ግን ረዝሟል” አለኝ። የሄደው ብቻውን ነው። እትዬ ሸምሲያ ሕይወታቸው እስኪያልፍ እዚያው ነጭ ቤት ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ላሟ አዙረው ተኙ።

ላሟን ለቅሶ የመጡ ሴቶች ሁሉ አይተዋት ኖሮ፣ ብሎኬት ቤት የሠራ ሁሉ ይጠራኝ ጀመር። ፊት ሣልልኝ ያለኝ ግን የለም፤ ዝናዬ ቀድሞኛል። እንዲህ ሆኖ ነው ሣር ሳላጭድ የከብት መንጋ ጌታ የሆንኩት።

አመሻሽ ላይ ምርኩዜን ይዤ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስሄድ፣ አምፖል ከመብራቱ በፊት ባለችው ግራጫ ሰዓት፣ ገርበብ ባለ በር አንዲት ላም ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትገባ አያለሁ። በቀደም እንዲሁ ቆሜ ሳይ፣ የማላውቃት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች።

“አባባ፣ ሰው ፈልገው ነው?”

“የለም ልጄ፣ ላሟን እያየሁ ነው።”

“ታዲያ ገብተው ይዩዋት እንጂ! ቤቱን ስንከራይ እዚሁ ነው ያገኘናት። ማን እንደሣላት እንጃ።”

“እኔም እንጃ” አልኳትና ገባሁ። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ግድግዳውን እያየ፣ ዓይኑ ቀስ እያለ ይከደን ነበር።