ኮከብ ያልተገኘለት ሰው

ከክፍል ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ሁለት ታጣቂዎች ናቸው። አንዱ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላው «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አለኝ። አምስቱ ደቂቃ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ።

እስር ቤት ሲባል የድንጋይ ግንብ ይመስለኝ ነበር፤ ላሊበላ ድንጋይ የቸገረው አገር አይደለማ። ያስገቡኝ ግን የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። መሬቱ ላይ የተደፋው የማዳበሪያ ፍሬ ከአፈሩ ጋር ተለውሶ ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚግል ጀርባችንን ማስደገፍ አንችልም። አሥራ አራት ነበርን። ጥጉ ላይ ተጠጋግተው እግሬን የምዘረጋበት ቦታ የሰጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው እዚሁ አሉ።

አንደኛው መሪጌታ ናቸው። ቅኔ አስተማሪ፣ ከዚያም በላይ አገር የሚያውቃቸው ኮከብ ቆጣሪ። የታሰሩት፣ ልጇ ለውትድርና የሚፈለግባት እናት ሁሉ እሳቸው ዘንድ እየሄደች «በየትኛው ቀን ላሽሸው?» ትላቸዋለች ተብሎ ነው። «እውነት እንዲህ ይሉዎታል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንዴታ! ምን ይበሉ ታዲያ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በውይይት ክበብ ሰው ፊት ቆሜ፣ ኮከብ ቆጠራ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብዬ የለፈፍኩ ሰው ነኝ። እሳቸውም ሰምተውታል። አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ እኔ ግን ባነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ከገነተ ማርያም ወዲያ የመጣ ገበሬ ነው። አርባ ቢሞላው ነው። የያዙት፣ ጫካ የገቡት ሰዎች ማን ቤት እንዳደሩ ያውቃል ብለው ነው። ያውቃልም። ያሳደራቸው የሚስቱ ወንድም ነበር። ይህን ለመሪጌታና ለእኔ በጆሯችን ነገረን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ጊዜ ገርፈውታል፤ ውስጥ እግሩ አብጦ በተረከዙ ነበር የሚሄደው። በሦስተኛው ግን መርማሪው ቁጭ አድርጎ ውሃ አጠጣውና ቀጠሮ ሰጠው። «ቅዳሜ ጠዋት ስሙን ንገረኝ፤ ሚስትህ ገበያ ስትመጣ አብረሃት ቤትህ ትገባለህ። እምቢ ካልክ ወደ ሌላ ቦታ ነው የምትሄድ» አለው። ሌላው ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቅንም። ከእኛ ዘንድ ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት፣ የሽምብራ ቆሏችንን እየቆረጠምን፣ ገበሬው ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ኮከቤን ይዩልኝ መሪጌታ። ልናገር ወይስ ልተው? እኔ እንደሆነ ልቤ ሁለት ሆኗል።»

«ተው ልጄ። ኮከብ ዳኛ አይደለም።»

«ግድ የለም ይዩልኝ። በሞቴ።»

በሞቴ ሲል አጠገባችን የነበሩት ማኘካቸውን አቆሙ። መሪጌታ ስሙንና የእናቱን ስም ጠየቁት፤ ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ደመሩ። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የሁለቱን ስም ቁጥር ይደምሩና አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን ይጥላሉ። መግደፍ ይሉታል። ከግድፈቱ የተረፈው የሰውየው ኮከብ ነው። የተረፈውን በሽምብራ መሬት ላይ ደረደሩት። አሥር ፍሬ።

«ጀዲ» አሉና ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ይላል?»

«የመሬት ኮከብ ነው። ሥራ ወዳድ፣ ነገር በሆዱ የሚይዝ...»

«ኧረ መሪጌታ፣ እሱን ሚስቴም ትነግረኛለች። የዘንድሮውን ይንገሩኝ።»

ሽምብራዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ቢዋሹለት ይችሉ ነበር፤ መዋሸት ግን አያውቁበትም። «ከያዘው መከራ በአንደበቱ ይወጣል፣ ነው የሚለው» አሉት በመጨረሻ።

ገበሬው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «በቃ። እናገራለሁ» አለ። ማንም ምን ነካህ አላለውም። አራት ልጆች አሉት። እኔም በልቤ ተናገርና ግባ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ላይ ጀግና ልምሰል ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ዝም ብል ምን ነበረበት? የአስተማሪ አፍ አያርፍም። «ይሄ እኮ የአገራችን ቆጠራ ነው። በሌላው ቆጠራ ሌላ ኮከብ ነው የሚወጣልህ» አልኩት። ሰው ለማዳን አይደለም የተናገርኩት፤ አዋቂ ለመባል ነው።

«እንዴት?» አለ። «ሰማዩ አንድ አይደል እንዴ?»

መሬቱ ላይ በጣቴ ክብ ሣልኩለት። ይህ የፀሐይ መንገድ ነው አልኩት። በጥንት ዘመን በሁለት ትላልቅ ወንዞች መካከል የሚኖሩ የባቢሎን ሰዎች ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍባቸውን ኮከቦች አስተዋሉ። ጨረቃ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ስለምትታደስ መንገዱንም አሥራ ሁለት ክፍል አደረጉት። ከእነሱ ግሪኮቹ ወሰዱ፣ ከግሪኮቹ ህንዶቹም አረቦቹም። «ሰማዩ ግን ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በሰው ዕድሜ አይታወቅም፤ በሁለት ሺህ ዓመት ግን አንድ ክፍል ያህል ይሄዳል። ፈረንጁ ኮከቦቹ የትም ይሂዱ፣ እኔ የምነሣው በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ዕለት ነው አለ። ህንዱ ደግሞ የለም፣ እኔ ኮከቦቹን ነው የምከተል አለ። ስለዚህ በአንድ ቀን የተወለደውን ልጅ አንዱ በግ ሲለው ሌላው ዓሣ ይለዋል።»

ገበሬው ክቡን አየ፣ እኔን አየ። «የኛዎቹሳ?» አለ።

እሱን መሪጌታ መለሱለት። «ሐመል፣ አሰድ፣ ጀዲ የምንለው ከአረብ መጽሐፍ የመጣ ስም ነው። አስተማሪው ልክ ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። ፈረንጅ የተወለደበትን ቀን ጽፎ ያስቀምጣል። እኔ ዘንድ የሚመጣው የላስታ ሰው ግን ምን ይዞ ይመጣል? ስሙን ነው፣ የእናቱን ስም ነው። ባለው ነው የምቆጥርለት። ቀን አምጣ ብለው እኮ ባዶ እጁን መስደዴ ነው።»

«ለምን በአባት ስም አይሆንም?» አልኳቸው።

«አባት ይጠረጠራል፤ እናት አትጠረጠርም።»

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ቤት ከልብ ሲሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ገበሬው አልሳቀም። «እስቲ በፈረንጁም ቁጠርልኝ» አለኝ።

«መቼ ነው የተወለድከው?»

«አንበጣው የመጣ ዓመት ነው ይላሉ።»

«ወሩስ?»

«ወሩንማ ማን ይነግረኛል? እናቴ እኔን ስትወልድ አይደል የሞተች።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ቆይ ቆይ። ታዲያ ቅድም የነገርከኝ ስም የማን ነው?»

«ያሳደገችኝ ናት። የአባቴ ሚስት። እናቴ እሷው ናት፣ ሌላ አላውቅም።»

«የወለደችህ ማን ትባላለች?»

«እንጃ» አለ። ሲናገር እንደ ማፈር አለው። «እንጀራ እናቴን ይከፋታል ተብሎ ቤታችን ስሟ አይነሣም ነበር። እኔም ሳልጠይቅ አባቴ ሞተ። የእናቴ ዘመዶችም አልደረሱልኝም።»

መሪጌታ አሥሩን ሽምብራ ሰብስበው እጁ ላይ አደረጉለት። «እንግዲያው ብላው» አሉ። «ቆጠራው ፈርሷል። ከወላጅ እናት ስም በቀር ሌላ አይቆጠርም። በእኔም አይወጣልህ፣ በአስተማሪውም አይወጣልህ።»

«እንዲያ ከሆነ ኮከብ የለኝም ማለት ነው?»

«ኮከብስ አለህ። የምናገኝበት መንገድ ነው የሌለን።»

 ገበሬው ዓርብ ግማሹን ቀን ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ዋለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታና እኔ ብቻ እንድንሰማው ቀረብ አለ። «ኮከቡ ተናገር ብሎኝ ቢሆን፣ ለሚስቴ ኮከቤ ነው እላት ነበር። አሁን ምን እላታለሁ? ወንድሟን ሰጥቼ ያበሰለችውን እንዴት እበላለሁ?» አለ። ከዚያ ሳናስበው፣ «አልናገርም» አለ። መሪጌታ አይዞህም አላሉት፣ ተውም አላሉት። ጉልበቱን ይዘው ተቀመጡ። እኔ ፈራሁለት። ተናገር ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ወንድምየውን አላውቀው፣ እሱን ግን አውቀዋለሁ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በስሙና በአባቱ ስም ጠሩት። ተነሣ። ጋቢውን ገፎ አጣጠፈና ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ለአንድ ሽማግሌ እስረኛ ሰጠ። ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ መሪጌታ» አለ።

«ድብትርና እንጂ ክህነት የለኝም ልጄ።»

«ቢሆንም ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። በተረከዙ እየሄደ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

አልተመለሰም። ሚስቱ የዚያኑ ዕለት ከገበያ መልስ ስንቅ አምጥታ ነበር፤ ዘበኛው ተቀብሎ አስገባልን። ዳቦው ገና ለብ ይላል። ማንም ሊቆርሰው አልደፈረም፤ ኋላ መሪጌታ ባርከው አካፈሉን፤ ረኀብ ሐዘን አያውቅም። ረቡዕም አመጣች። በሳምንቱ ቅዳሜ ዘበኛው «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» ሲላት በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማሁ። ስትመልስለት ግን አልሰማሁም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አዲስ እስረኛ አስገቡ። ረጅም፣ ፊቱ የቆሰለ ሰው። ከየት መጣህ ስንለው ከገነተ ማርያም ወዲያ አለ። የማን ዘመድ ነህ ስንለው የገበሬውን ስም ጠርቶ ተፋ። «የእህቴ ባል ነው ያስያዘኝ» አለ።

መሪጌታና እኔ ተያየን። ሁሉንም ነገርነው። ቆጠራውን፣ ዓርብ ያለውን፣ ጋቢውን። አንገቱን ደፍቶ ሰማን።

«ከዚህ ሲያስወጡት አልተናገረም» አለ። «ከዚያ በኋላስ? ሲገርፉት እዚያ ነበራችሁ?»

«ቢናገር ኖሮ በዚያው ቀን ይመጡብህ ነበር» አልኩት። «ሦስት ሳምንት አልፏል እኮ!»

«እኔ ቤቴ አላድርም ነበር። ሲፈልጉኝ ከርመው ይሆናላ።»

  ከዚያ በኋላ ወራት አብረን ስንተኛ ነገሩን አላነሣንም። መሪጌታን ወደ ደሴ ወሰዷቸው፤ እዚያው በበሽታ ሞቱ ሲባል ሰማሁ።

እኔን የለቀቁኝ በድንገት ነው፤ ለምን እንዳሰሩኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደሚለቁኝም አልነገሩኝም። ልወጣ ስል ረጅሙ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ።

«እህቴን ታገኛታለህ?»

«አገኛታለሁ።»

«ባልሽ አልተናገረም ብሎሻል ወንድምሽ፣ በላት።»

«አመንከን ማለት ነው?»

«የእኔ ማመን ምን ያደርግልሃል? እሷ አራት ልጅ ታሳድጋለች። የአባታቸውን ስም ቀና ብለው ይጥሩት» አለኝና ፊቱን አዞረ። እሱም ከዚያ ቤት አልወጣም።

ሄጄ አገኘኋት። አውድማ ላይ ነበረች፤ መንሹን እንደያዘች ሰማችኝ። «ወንድሜ ነው በአፉ እንዲህ ያለ?» አለች። «በአፉ» አልኳት። መንሹን አስቀመጠች። «ዓመት ሙሉ አላለቀስኩለትም» አለች። «ባሌን ላልቅስ ወይስ ወንድሜን የሸጠውን፣ ምኑን አውቄ? እንግዲያስ አሁን ላልቅስለት።» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ጎረቤት ጠራች። አስከሬን የሌለበት፣ ዓመት ያለፈው ለቅሶ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ዛሬ እሷም አርጅታለች፣ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስንገናኝ ጥላ ፈልጋ ታስቀምጠኝና «እስቲ ድገምልኝ» ትለኛለች። እደግምላታለሁ። «አልተናገረም አይደል?» ትላለች። «አልተናገረም» እላታለሁ። ዓርብ ያለውን ሰምቻለሁ፤ ቅዳሜ የሆነውን አላየሁም። ይህን አልነግራትም።