ክንፏ የተቆረጠባት አውራ

ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት ሳለ፣ ታላቅ ወንድሙ ችቦ ለኩሶ ጓሮ ገባ። የባሌን ቀፎዎች አንድ በአንድ ከፍቶ ማሩን ከነእጩ ጠራርጎ ቆረጠ። ንቦቹ እየተንጫጩ እሳቱ ላይ ረገፉ። ልከለክለው ስጠጋ በችቦው እጀታ ክንዴን መታኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ለለቅሶ ደራሹ «ወደቀች» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ከዚያ እሳት አንድ ቀፎ ብቻ ተረፈኝ። አምና መስከረም፣ አሰላ ዳር ባለው ጓሮዬ ጽድ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ። ራሴ አውርጄ፣ እንደተረፈው ቀፎ የሚወጣ የሚገባ የእንጨት ፍሬም ያለው ቀፎ ውስጥ አስገባሁት። ይህ መንጋ ከጸናልኝ የተቃጠለብኝን መመለስ እጀምራለሁ ብዬ ነበር።

የባሌ ወንድም ወሬው ደርሶት ሳልጠራው መቀስ ይዞ መጣ። እዚህ አገር አዲስ መንጋ እንዳይኮበልል የአውራዋን፣ የንግሥቷን ንብ፣ ክንፍ መቁረጥ የቆየ ልማድ ነው።

«ጋሼ፣ ይተዉዋት። ቀጭን ናት፣ ትሮጣለች። ወንድ ያላገኘች ትመስለኛለች። በርራ ካልተገናኘች መካን ሆና ትቀራለች።»

«ስልጠና ገብታ መጣችልን!» አለ፣ አጥሩ ላይ ለተደገፉት ጎረቤቶች። «የንብ አውራ ልትድርልን ነው!» ሳቁ። «ክንፏን ካልቆረጥኩት ነገ ሁሩታ ድረስ ወርደሽ ነው የምትፈልጊው።»

እጄን ገፍትሮ ክንፎቿን ከሥራቸው ቆረጣቸው።

በዘጠነኛው ቀን ከፈትኩ፤ እንቁላል የለም። በሦስተኛው ሳምንትም የለም። አንድ ወር ተኩል ሲሆን እሱ ራሱ መጣ።

«እስቲ መንጋዬን አሳዪኝ።»

የፊት መከለያ ብሰጠው «የሴት መጋረጃ አልለብስም» አለ።

ክዳኑን ሳነሳ ንቦቹ ጮኹ። አንዱን ፍሬም አውጥቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። የሠራተኛ ንብ እጭ ክዳኑ ለጥ ያለ ነው። ይሄኛው እንደ ጥይት ጫፍ አብጧል፤ እዚህም እዚያም ተበትኗል።

«ይኸው እጭ! ምን አልኩሽ?»

«ሁሉም ድንጉላ፣ ወንድ ንብ ነው፣ ጋሼ። ያልተገናኘች አውራ ሌላ አትወልድም። የሚሠራ አንድ አይወጣበትም። መንጋውን ገድለውታል።»

ፍሬሙን ከእጄ መነተፈ። የቀፎው ጠርዝ ላይ ተጋጨና ንቦቹ እግሩ ሥር ረገፉ። ወዲያው ተነሱበት። ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ የጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ገቡ። ፊቱን በጥፊ እየመታ ተንበረከከ፤ ከዚያ በደረቱ ተኝቶ አፈሩን ቧጠጠ።

«ጭሱን! ኧረ ጭሱን አምጪልኝ!»

ማጨሻው በግራ እጄ ነበር። እኔ ግን አውራዋን ፈለግሁ። ከመጨረሻው ፍሬም ላይ አገኘኋትና በአውራ ጣቴ ጥፍር ጨፈለቅኋት። ከዚያ ከእሳቱ ከተረፈው አሮጌ ቀፎዬ ትኩስ እንቁላልና እጭ ያለበት ፍሬም አምጥቼ በቦታዋ አስገባሁ፤ ንቦቹ ከእንቁላሉ አዲስ አውራ እንዲያሳድጉ። ክዳኑን ገጠምኩ። ወደ እሱ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አልቆጠርኩም።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት። አልሞተም፤ አንድ ዓይኑ ግን እንደድሮው አያይለትም። ጎረቤቶቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ወደቀ» አልኳቸው።

በገና ሰሞን ቀፎውን ከፈትኩ። ፍሬሙ መሃል ላይ ጥግግት ያለ፣ ክዳኑ ለጥ ያለ እጭ አገኘሁ። አዲሷ አውራ ሆዷን እየጎተተች በላዩ አለፈች። ክንፎቿ ሙሉ ናቸው።