ለአንድ ዓይን የተሠራ ፎቶ

ፎቶ ቤቱ ውስጥ «እንዝርት» ይሏታል፤ ተቀምጣም አትቀመጥም። እግሯ ከጠረጴዛው ስር ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ የኮምፒውተሩ ማውዝ በእጇ ዕረፍት የለውም። ሥራዋ ግን እንከን አይወጣለትም። የፎቶውን ጥላና ብርሃን አስማምታ ስታለሳልሰው፣ ዕድሜ ለእሷ፣ ፊቱን ሳይታጠብ የመጣ ሙሽራም መልከ መልካም ሆኖ ይወጣል።

ሰሞኑን ግን ጭራሽ ብሶባታል። የእናቷ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ሐኪሙ ሁለተኛውም እየሄደ እንደሆነ፣ መመለስ እንደሌለውም ቁርጡን ነገራቸው። እናት አላለቀሱም። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አባትሽን አንዴ ልየው» አሉ። ከሟቹ አባቷ የቀረው ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ነጭ ግድግዳ ተደግፈው የተነሱት፣ ያውም የደበዘዘ።

እንዝርት ያላትን ጥበብ ሁሉ አወጣች። የጉንጫቸውን ጥላ፣ የግንባራቸውን መስመር ቀስ ብላ አጉልታ አተመችው። እናት አተኩረው አዩና «አምሯል፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ፎቶውን የያዙት ዘቅዝቀው ነበር።

እንዝርት ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። እራት ላይ እናቷ ነጩን ኩባያ ከነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲዳብሱ አየች። ድንገት ልብሱን ገፈፈችው። ጠረጴዛው ጥቁር ነው፤ እናት እጃቸውን ዘርግተው ኩባያውን በቀጥታ አነሱት።

በማግስቱ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ሥራዋ ገባች። ከአባቷ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አጠቆረችው። ኮንትራስቱን እስከ ጥግ ገፋችው፤ ግራጫው ሁሉ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ሆነ፣ ያ የለፋችበት ልስላሴ ድራሹ ጠፋ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከኋላዋ አጮልቆ አየ። «ምነው እንዝርት፣ አባትሽን ጥላሸት ቀባሻቸው እንዴ? ይሄ ከኛ ቤት ወጣ ከተባለ ጉዳችን ፈላ!»

«ላንተ ዓይን አይደለም» አለችውና በትልቁ አተመችው።

እናት ፎቶውን መስኮት ዳር ወስደው ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት። እንዝርት ጥፍሯን እየበላች ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ «እማዬ፣ አየሽው? ካልሆነ ሌላ እሞክራለሁ» ልትል አፏን ስትከፍት የእናቷ ፊት ኮስተር አለ።

«አንተ ሰውዬ! ፎቶ ከመነሳትህ በፊት ኮሌታህን አስተካክል አላልኩህም?» አሉና የተጣመመውን ኮሌታ በአውራ ጣታቸው ያቃኑ ጀመር።