ከቀኝ ሲያነቡት

ገዳሪፍ ያሉት ሐበሾች ገብረየስን «መምህር» ነው የሚሉት። ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉለታል። ጦርነቱ ከበተነን ወዲህ እሱና ቤተሰቡ እዚያው ናቸው፤ እኔ ወደ ካርቱም፣ ወደ ድሮ ሰፈራችን ወደ ዴም ተመልሻለሁ። ባለፈው ለለቅሶ ገዳሪፍ ሄጄ አንዲት ወጣት እናት፣ «መምህር ገብረየስ ድሮም ካርቱም ሲያስተምሩ ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ሳቅሁ። አስተማሪ! እኔ የማውቀው ገብረየስ የገዛ ልጁን ፊደል ለማስቆጠር ጊዜ ያልነበረው ሰው ነው። ዴም ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ተለይተን ብዙ ዘመን ኖረናል። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እቤቴ ሆኜ ነበር። የእሱን ታሪክ ከእኔ የበለጠ የምታውቅ ብትኖር ሚስቱ ትዕዛዝ ናት፤ እሷ ደግሞ አታወራም። እኔ አወራለሁ።

ሙያው ዲዛይነር ነበር። አባቱ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ፣ ኋላም ታፔላ በመጻፍ ያደሩ ሰው ናቸው። ብሩሹን ከእሳቸው ወረሰ፣ ኮምፒዩተሩን ራሱ ተማረ፣ ከዚያ መሀል ከተማ አንድ የማስታወቂያ ቢሮ ገባ። የማንጎ ጭማቂ ካርቶን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ወደ ኦምዱርማን በሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ የሚሰቀለው ትልልቅ ማስታወቂያ፣ ብዙው የእሱ እጅ ነበር። ለሐበሻው ደግሞ የምግብ ቤት ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ የጥምቀት ባነር ይሠራል። በዴም ታፔላዎች ላይ አማርኛው ከግራ ይመጣል፣ ዐረብኛው ከቀኝ ይመጣል፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ሲገናኙ እንዳይጋጩ ማድረግ የሚችለው ገብረየስ ብቻ ነው ይባል ነበር። የእኔንም ሱቅ «የወይንሸት ባልትና» ብሎ ጽፎልኝ፣ «የ» ላይ አንዲት የበርበሬ ዛላ አንጠልጥሎባታል። ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውዬው ግን ያናድደኛል።

የሚያናድደኝ እቤቱ ስለማይገኝ ነው። ሳይነጋ ይወጣል፣ ልጅቱ ከተኛች በኋላ ይገባል። ትዕዛዝ አል-ማንሺያ በሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ስለነበረች፣ ልጃቸው ልደት ከመድረሳ፣ ከትምህርት ቤቷ ማለቴ ነው፣ ስትመለስ የምትውለው ሱቄ ውስጥ ነው። «ኻልቶ ወይንሸት» ትለኛለች፣ እንደ አገሩ ልጆች አክስት ማለቷ ነው። አማርኛዋና ዐረብኛዋ እንደ ሽሮና በርበሬ የተቀላቀለ ነበር፤ «ኻልቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ኸላስ ላጥኩት» ትላለች። ትምህርቷ ሁሉ በዐረብኛ ነው። አማርኛ መጻፍ የሚያስተምራት አልነበረም፤ የከተማው ምርጥ ጸሐፊ አባቷ ሆኖ!

አንድ ቀን በር ላይ ይዤው፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚሉት አንተን ነው» አልኩት።

«ግንድ አይደለም እትዬ ወይንሸት፣ ካርቶን ነው» ብሎ ሳቀ። «ለሷ ብዬ እኮ ነው የምለፋው። ኢንሻአላህ ዘንድሮ የክፍሉ ሙዲር ካደረጉኝ ዕረፍት አገኛለሁ።»

ሙዲር ማለት አለቃ ነው። አለቃ ሆኖ ያረፈ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ እንቁጣጣሽ መጣ። ካርቱም ላይ መስከረም የኸሪፍ፣ የክረምቱ፣ ጭራ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ ይመለሳል፣ የዴም መንገድ ኩሬ ሆኖ ሪክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ጭቃ ውስጥ ያጓራሉ። አደይ አበባ የሚባል ነገር የለም። የሐበሻ ልጆች ግን ሥዕል ሥለው ከቤት ቤት መዞሩን አልተዉም። ልደት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ሙሉ ባንኮኒዬ ሥር ተደብቃ ስትሥል ሰነበተች። አደይን አይታ ስለማታውቅ የሣለቻት አበባ ሰሐን ታህላለች። ከሥሯ የምትጽፈውን ፊደል ደግሞ ከየቦታው ለቀመችው። «የ»ን፣ «ባ»ን እና «ል»ን ከእኔ ታፔላ ላይ አገኘች። «ጅ»ን ያገኘችው ከዝንጅብል ጣሳዬ ላይ ነው። በጣቷ እየጠቆመች «ኻልቶ፣ ደ ሽኑ?» ትለኛለች፣ ይሄ ምንድነው ማለቷ ነው፤ እኔም በርበሬዬን እየነፋሁ እመልስላታለሁ። ምን ልትጽፍበት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በበዓሉ ቀን የገብረየስ ቤት በእንግዳ ሞልቷል። ልደት በአዲስ ቀሚስ መጥታ ሥዕሏን በሁለት እጇ ሰጠችው። ደስታው ፊቱ ላይ ፈነዳ። «አያችሁ? እጇ የኔ ነው!» ብሎ ሥዕሉን ለሁሉም ከፍ አደረገው። ቀጥሎ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ።

«ጅል… ባባየ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ትን እስኪለው ሳቀ። ገብረየስ ፊቱ ከሰል መሰለ። «ማነው ይህን ያስጻፈሽ? አባትሽን በሰው ፊት ጅል ትያለሽ?» አለና ወረቀቱን ከመሀል ቀደደው። ልጅቱ «ባባ፣ ማ ከዳ…» ብላ ጀመረች፤ እንደዚያ አይደለም ለማለት ነበር። ቀሪው ቃል በአማርኛም በዐረብኛም አልመጣላትም። ሮጣ እኔ ቤት ገባችና ከአልጋዬ ሥር ተሸጎጠች። ተከትያት ወጣሁ፤ በዓሉም ለእኔ እዚያው ላይ አበቃ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ገብረየስ ሁለቱን ቁራጮች ገጥሞ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ወይንሸት፣ ፊደሎቹን እያቸው። በቀኝ በኩል ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ግራ ሲመጡ እያነሱ ይሄዳሉ። ‹ጅ› ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ተጣብቃለች። ጸሐፊ ቦታ የሚያጥረው መጨረሻው ላይ ነው። የጀመረችው ከቀኝ ነው፣ እንደ ዐረብኛው። እስቲ ከቀኝ አንብቢው።»

ከቀኝ አነበብኩት። የ፣ ባ፣ ባ። ል፣ ጅ።

«የባባ ልጅ» ነው የሚለው።

«እና ጅሉ ማን ሆነ?» አልኩት። ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጅቱ አልጋዬ ሥር ስታለቅስ ይሰማኝ ነበርና አልራራሁለትም።

ይቅርታ ጠየቃት። ተንበርክኮ፣ ቁራጮቹን በፕላስተር አጣብቆ፣ ሁሉን አስረድቶ ጠየቃት። «ማሌሽ፣ ባባ» አለችው። በዚህ አገር የኖረ ያውቃል፤ ማሌሽ «ይለፍ» ነው እንጂ «ይቅር ብዬሃለሁ» አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቷ በአማርኛ መናገር ተወች። ከእናቷና ከእኔ ጋር እንደ ወትሮዋ ትቀላቅላለች፤ እሱ ሲጠይቃት ግን «አይዋ»፣ «ላ»፣ «ኸላስ» ብቻ ነው፤ አዎ፣ አይ፣ በቃ። ፊደል የሚባል ዳግመኛ አልነካችም። ባለቀለም እርሳስ ገዝቶ አመጣላት፤ ፓኬቱን ሳትከፍት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ከእጄ ወጣች ብሎ ሲፈራ አይቻለሁ። ፍርሃቱም እውነት ነበር፤ ልጅ ከአባቷ ቋንቋ ከወጣች በየት በኩል ትመለሳለች?

ካርቱም ውስጥ የሥራ ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ እኛም ቤተ ክርስቲያን በብዛት የምንሰበሰበው ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ገብረየስ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ፣ ልጆች በእንጨት አሸዋው ላይ ሲጽፉ ያያል። አንዱ «ስያኪሚ» ብሎ ጽፎ «ሚኪያስ ነኝ» ይላል። ሌላዋም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሁሉም ከቀኝ ነው የሚነሡት። እቤቱ የመጣ ችግር መስሎት የነበረው የሰፈሩ ሁሉ ሆኖ ተገኘ።

በሚቀጥለው ዓርብ ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ልጆቹን ሰበሰበ። በሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ቤት ሣለ፣ ሁለት በር ያለው። «ዐረብኛ በቀኝ በር ይገባል፣ አማርኛ በግራ በር ይገባል» አላቸው። «ቤቱ አንድ ነው፣ የእናንተው ነው። ማን ሊገባ እንደመጣ እያያችሁ በሩን ክፈቱ።» ልጆቹ ወደዱት። በግራ በር፣ በግራ በር እያሉ ሲጮኹ ጆሮዬን በሉት።

ልደት ግን አልተማረችም። ዓርብ ዓርብ እኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ለዛፏ ሰጥታ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ነይ አይላትም፤ ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ ያስተምራል። ለማን እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ክረምት አልፎ እዚህ ሺታ የሚሉት የብርድ ወቅት መጣ። ረመዳን ሲቃረብ የማስታወቂያ ቢሮዎች ሥራ ይበረታል፤ የገብረየስም ቢሮ ዓርብን ጨምሮ ግባ አለው። አልገባም አለ። የተመኘው የሙዲርነት ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ትንሽ ቆይቶ ጭራሹን ለቀቀና እቤቱ ታፔላ እየጻፈ መኖር ጀመረ። እኔ ደግሞ አላርፍም፣ አሁን በዚህ ተቆጣሁት። «ትናንት ቤት የለህም ብዬ ሰደብኩህ እንጂ ሥራ ፍታ መች አልኩህ? የቤት ኪራይ በሀ ሁ ይከፈላል?»

«እትዬ ወይንሸት፣ ያ ካርቶን ጭማቂው ሲያልቅ መንገድ ላይ ይጣላል» አለኝ። «ስንት ዓመት የገዛ ሥራዬን እየረገጥኩ ነው እቤቴ የገባሁት። ሚኪያስ ስሙን ሲጽፍ ግን ማንም አይጥለውም።»

ቁጣዬን ትቼ በርበሬዬን ወደ መንፋቱ ተመለስኩ።

ሰይፍ የሚሉት በጋ፣ ያ ድንጋይ የሚያቀልጠው ሙቀት፣ አለፈ። ሀቡቡ አቧራውን ከነሰማዩ ይዞ መጥቶ ሄደ። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ትዕዛዝን ከሥራዋ ልንቀበል እኔ፣ እሱና ልደት አል-ማንሺያ ወረድን። ዓባይ ሞልቷል፤ ውሃው ጠላ መስሏል። «ይሄ የኛ አገር አፈር ነው» አለ ገብረየስ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ።

ልደት ወንዙን አይታ አይታ፣ «ባባ፣ ሌ አዝረቅ? ደ ቡኒ!» አለች። እዚህ ዓባይን «ሰማያዊው» ነው የሚሉት፤ ቡኒ ሆኖ ሳለ ለምን ማለቷ ነው። ከዚያ በዓል ወዲህ አባቷን አንድ ነገር ስትጠይቀው ያን ቀን ገና ሰማሁ። እሱም ቸኩሎ እንዳያስደነግጣት ፈርቶ ቀስ ብሎ መለሰ።

«በበጋ ያየው ሰው ሰማያዊ ነው አለ። በክረምት ያየው ቡኒ ነው ይላል።»

«ያትኑ ሰሕ?» የትኛው ነው ልክ?

«ሁለቱም።»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ትዕዛዝ ከድካሟ ጋር ስትመጣ አራታችን በሪክሻ ተጣበን ተመለስን።

እንቁጣጣሽ በዓመቱ መጣ። ማልጄ ደጄን ስጠርግ፣ ገብረየስ ነጭ ለብሶ የገዛ ቤቱን በር ከውጭ ሲያንኳኳ አየሁት። ሰውዬው አበደ ብዬ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልደት ከፈተች።

«እንቁጣጣሽ!» አላት፣ ልጆች እንደሚሉት፤ በሁለት እጁ ወረቀት ዘረጋላት። ከርቀትም ይታየኝ ነበር፤ ሰሐን የሚያህል ቢጫ አበባ፣ የራሷ አበባ። ከሥሩ በዚያ ባማረ እጁ፣ ለትልቅ ማስታወቂያ እንኳ ባልተጠበበው ጥበብ፣ አምስት ፊደል ጽፎበታል።

ከግራ ጀምራ አነበበችው። «ጅል… ባባየ።» አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጣቷ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄደና ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግራ ተመለሰ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ባባ፣ በየት በኩል ነው የሚነበበው?» አለችው። በአማርኛ።

«በሁለቱም ልክ ነው፣ ልጄ» አላት።

ልደት ወደ ቤት ተመልሳ ገባች። እሱ ደጁ ላይ ቀረ፣ ሥዕል ይዞ መጥቶ የሚሰጠውን እንደሚጠብቅ ልጅ። ወንበር ሲጎተት፣ ቁም ሳጥን ሲንኳኳ ሰማሁ። ያን ያልተከፈተ የእርሳስ ፓኬት ይዛ መጣች፤ በጥርሷ ቀደደችው፣ ቀዩን መዘዘች፣ ወረቀቱን ደፉ ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። ከሱ ጽሑፍ ሥር መጻፍ ጀመረች። በግራ በር። ያን ሁሉ ዓርብ ሽንኩርት ስትልጥ ጆሮዋ ዛፉ ሥር ነበር ለካ! «የ» ትልቅ ሆነች፣ «ባ»ዎቹም ትልልቅ ሆኑ፣ «ል» አነሰች፣ «ጅ» ግን የቀኙ ጠርዝ ላይ ደርሳ መግቢያ አጣች።

ቀና ብላ አባቷን አየችው። «ባባ፣ ቦታ አለቀብኝ።»

«ማሌሽ» አላት፣ እንባውን በነጭ እጅጌው እየጠረገ። «እጄ ላይ ጨርሺው።»

መዳፉን ዘረጋላት፤ እሷም «ጅ»ን እዚያ ላይ ጻፈችለት።