አንድ ዓይነት ስምንቶች

«አደራህን ነፋስ፣ ስሜን ይዘህ ዝለቅ፣ እምምም… እምምም… ደጃፉ ላይ ውደቅ…»

የግጥሙ መሃል ከጠፋባት ስንት ዓመቷ። የመካነ መቃብሩ መዝገብ ቤት ኃላፊ ዜማውን ግን አትለቀውም፤ ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጥ ከንፈሯ ያንጎራጉራል።

ጥራት ነፍሷ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አርባ ሺህ ገጽ የቀብር መዝገብ ስካን ሲደረግ የፋይሉን ፎርማት የመረጠችው እሷ ናት። አንደኛው ፎርማት ገጹን ከነእድፉ፣ ከነጭምድዱ እንዳለ የሚያስቀምጥ ግዙፍ ነበር። ሁለተኛው ተመሳሳይ መስሎ የታየውን ቁጥር ሁሉ አንዱን ብቻ ይዞ በየቦታው እየደገመ ያትማል፤ ፋይሉ ትንሽ፣ ገጹ እንደ ታጠበ አንሶላ ጥርት ያለ። «ይሄማ ሙሽራ ነው» ብላ እሱን ወሰደች። ዋናው የመዝገብ ወረቀት ተቆራርጦ ተጣለ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮቷ ላይ ቆሙ። ለሥራ ርቀው ኖረው መመለሳቸው ነው፤ የሚስታቸው መቃብር የእንጨት ምልክት በስብሶ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ የመቃብሩን ቁጥር ሰማንያ ስምንት ስላለ ሐውልት ሊያቆሙ እዚያ ቢያስቆፍሩ የሕፃን አጥንት ወጣ።

«ሰማንያ ሦስት ነበር፣ ልጄ። የቤታችን ቁጥር ነዋ። ከቤቷ አልወጣችም ብዬ የተጽናናሁት በሱ ነው።»

ብድግ ብላ ገጹን ስክሪኑ ላይ አጎላችው። ወረቀቱ ስካን ሲደረግ አናቱ ላይ ታጥፎ ኖሮ ስንጥቁ የአንዱን ስምንት ሆድ ቆርጦታል። እጥፋቱ እዚያችው ያልቃል፤ ስንጥቁ ግን እስከ ገጹ ግርጌ በያንዳንዱ ስምንት ሆድ ላይ አለ። ሦስት ቁጥር ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አንድም የለም፤ ፎርማቱ ሦስቱንም ሁሉ ስምንት አድርጎ በዚያው በአንዱ ስምንት አትሞታል።

«እትዬ ጥራት፣ ሙሽራሽ ዋሸ እንዴ?» አለ ማኅተም መቺው ባልደረባዋ ከጎኗ ጠረጴዛ፣ እየሳቀ።

አርባ ሺህ ገጽ ሙት በዓይኗ ፊት አድራሻ ተቀያየረ፤ ከተማው በሙሉ የሰው ሰው አፈር ላይ ሲያለቅስ ታያት። ፎርማቱ ከተመረጠበት ደብዳቤ ግርጌ ያለው ፊርማ ደግሞ የሷ ነው።

«አባባ» አለች፣ ድምጿን አለስልሳ፣ «ኮምፒውተር አያረጅም፤ የሚረሳው ሰው ነው። ቁጥሩን አቀላቅለውት ይሆናል።»

«ሕፃኑስ?»

«ቀብር በቀብር ላይ መደረብ ያለ ነው። ጠለቅ አድርገው ያስቆፍሩ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ቁጥርም ረስቻለሁ ማለት ነው። አስቸገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ኧረ ምንም አይደል።»

ቆፋሪውን አስከትለው ወደ ሰማንያ ስምንት ሲያዘግሙ በመስኮቱ አየቻቸው። ፋይሉን ዘጋች። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እጇን ታጥባ መጣች፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፣ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ መብላት ጀመረች። በጣም ርቧት ነበር።