እንዳይመለስ ያስደረግሁት ዱዓ

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኮምቦልቻ ጭነት መኪና ሥር ተኝቼ የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ከሚሌ በኩል የመጣ ሾፌር ሁሉ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ሳይጀምር ሞተሩን ያሳየናል። ልጄን ግን ጋራዡ በር ላይ አላስደርሰውም ነበር። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ እዚያው ይማር፣ እዚያው ይደግ አልኩ። ተማረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጋዋን ለብሶ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ እየዋለ ይገባል።

አንድ ቀን «አባዬ፣ አውስትራሊያ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ምን ልትማር?»

መሬት መሬት እያየ፣ «መካኒክ» አለ። «አገሩ መካኒክ ይፈልጋል። ተምሮ ለሠራ ሰው ቋሚ መኖሪያ ይሰጡታል። ሌላ በር የለኝም።»

አፈርኩ። ለሱም ለኔም አፈርኩ። ጋራዡ ሲሰማ ደግሞ መሳቂያ ሆንኩ። ጎማ ጠጋኙ፣ ጎሚስታው፣ «አያ፣ ጎማ መፍታት ለመማር ባሕር ይሻገራል እንዴ? እዚህ ቢያመጡት እኔ በነጻ አስተምረው አልነበር?» አለኝ።

በኛ አገር ሰው መንገድ ሲነሣ ወዳጃ ይደረጋል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ባለጉዳዩ ሐጃውን፣ የሚለምነውን ማለት ነው፣ ሰው ፊት ይናገራል። ሸህየው ያንኑ ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። ያልተናገርከውን ማንም አይለምንልህም።

በዋዜማው ልጄ፣ «አባዬ፣ ነገ ‹በሰላም ይመለስ› እንዳያስብሉብኝ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይበሉልህ?»

«መኖሪያውን ካልሰጡኝ ትምህርቴ ሲያልቅ ያባርሩኛል። እዚያው እንድቀር ያስለምኑልኝ።»

«ምን፣ አብጃለሁ? ልጄን አስቀሩልኝ ብዬ ሰው ፊት ልለምን?»

ግትር ነኝ፤ አገር ያውቀኛል። እንቢ አልኩ። እናቱ ብቻ፣ «ዱዓው የልጁ ነው ወይስ ያንተ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ቤቱ ሞላ። ጎሚስታው ሳይቀር ከኮምቦልቻ ወጥቷል። ሸህየው፣ «መርሃባ፣ ሐጃህን ተናገር» አሉኝ።

«በሰላም ሄዶ...» ብዬ ጀመርኩ። ‹በሰላም እንዲመለስ› የምትለው ምላሴ ላይ ደርሳለች። ልጄን አየሁት። ጉልበቱን አቅፎ አፍ አፌን ያያል።

«በሰላም ሄዶ እዚያው እንዲቀርልኝ» አልኩ።

ጫት የሚቀነጥሰው እጅ ሁሉ ቆመ። ሸህየው ጆሯቸው የሳተ መሰላቸው።

«እንዲመለስ ነው ያልከው?»

«የለም ሸህዬ። እንዳይመለስ ነው።»

ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስል ፊቴ ነደደ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጅ ያጣ ስንቱ እዚህ ተቀምጦ፣ አንተ የሰጠህን ውሰድልኝ ትላለህ?» አሉ። ልክ ናቸው።

ሸህየው እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሄደበት አገር በሩን ይክፈትለት፤ እንግዳ አያድርገው» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ እናቱ ከሁሉ ቀድማ «አሚን!» አለች። ቤቱ ሁሉ ተከተላት። ለማኙ እኔ፣ አፌ አልከፈት ብሎ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጋራዥ ሳለሁ ስልክ ደወለ። «ሰጡኝ፣ አባዬ! መኖሪያውን ሰጡኝ!» ይስቃል፣ ያለቅሳል።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ጎሚስታው ቀና አለ። «ልጁ ነው? መቼ ነው የሚመጣ?» አለኝ። ወዳጃው ላይ የነበረ ሰው፣ ረስቶት ነው።

«በቅርቡ፣ ኢንሻአላህ» አልኩት።