ለፎቶ የተጎዘጎዘ ሣር

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ነው። የሆነውም ደብረ ታቦር ላይ ብቻዬን በምኖርበት ቤት ነው። ከመንደር እልልታ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ስለሚደነግጥ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሴቶች ልጆቼ አግብተው አንዷ ይፋግ፣ አንዷ ባሕር ዳር ናቸው። የመጨረሻው ልጄ አስማማው ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደና ከዚያ ድንበር ተሻገረ። አንድ ጊዜ ደውሎ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ፤ አትጨነቂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ስልኩም አይጠራም።

ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን እየመጣ ያጽናናኝ ነበር። ኋላ የአስማማውን ስም ማንሣት ተወ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስለ እህሉና ስለ ብርዱ ብቻ እናወራለን። የሰው ነገር እንዲህ ነው፣ ይረሳል ብዬ ተቀመጥሁ።

በዚያ ኅዳር ሜሮን የምትባል ወጣት ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር ከአዲስ አበባ መጣች። የላካቸው የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ለማስታወቂያ ፎቶ። የእሷ ሥራ ፎቶው የሚነሣበትን ቤት ማሰናዳት ነው። የትኛው ዕቃ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ፣ ምን ከምን አጠገብ ይቀመጥ የምትለው እሷ ናት። ሰፊ መስኮት ያለው፣ በጭቃ የተመረገ የድሮ ቤት ስትፈልግ አንድ መምህር ዘመዴ የእኔን አሳያት። እኔም ቤቴ ሰው ይግባበት ብዬ ፈቀድሁ።

እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ከጎረቤቴ ከሙሉ መጋረጃ ተዋስሁ፤ ያን የሚያብረቀርቀውን፣ የወርቅ ቀለሙን። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጥሁ። አሮጌ አሮጌውን ሁሉ ጓዳ ከተትሁ። ሜሮን ገብታ ቆማ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ መጋረጃውን አወረደች፤ አበባውንም አነሣች።

«እማማ፣ የድሮው ዕቃ የታለ?»

«ጓዳ ነው። ምን ያደርግልሻል?»

ገብታ እየመረጠች አወጣች። የጠቆረውን እንስራ፣ የባለቤቴን የቀንድ ዋንጫ፣ አንድ እግሯ የላላ በርጩማ።

«እሷማ ሰባራ ናት፤ ትጥልሻለች» አልኋት።

«ማን ሊቀመጥባት? ለመታየት ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! ደኅናውን አውጥቶ ሰባራውን የሚያስገባ ዛሬ አየሁ።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

የእመቤታችንን ሥዕል ግን ከለከልሁ። «እሷን ለንግድ ፎቶ አላስነሣም» አልኋት። አልተከራከረችኝም። እጇን ታጥባ፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍና ውስጠኛው ክፍል አስቀመጠችልኝ። ያን ጊዜ ወደድኋት።

ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘርግታ ጫፉን ገለጥ አድርጋ ተወችው፤ ሰው አሁን የተነሣበት አስመሰለችው። ራቅ ብላ አየችና «አሁንም ሰው የሚኖርበት ቤት አልመሰለም» አለች። እውነቷን ነበር።

«የወንድ ካፖርትና ጫማ አይጠፋም እማማ?»

ሳጥኑን ከፍቼ የአስማማውን ካፖርት አወጣሁ። ጫማውንም። የማን እንደሆነ አልነገርኋትም። ካፖርቱን እኔው ራሴ በሩ አጠገብ ሰቀልሁት። ጫማውን እሷ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ከወንዝ ዳር ያስመጣውን እርጥብ ሣር ከመደቡ ሥር እስከ ደጃፉ ድረስ ጎዘጎዘው። ብርሃን እንዲገባ ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። እኔ ውኃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ሄድሁ።

በእኛ አገር ሣር ያለነገር አይጎዘጎዝም። ዓመት በዓል ሳይሆን፣ ሰርግ ወይም ክርስትና ሳይኖር የአንድ ቤት ወለል ሣር ከለበሰ፣ ደስታ ገብቷል ማለት ነው። ወሩ ደግሞ ሰሊጥ አጫጆች ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ወር ነው። እኔ ይህን አንዱንም አላሰብሁትም።

ሙሉ መጋረጃዋን ልትወስድ መጥታ ኖሯል። ሣሩን አየች። ጫማውን አየች። ካፖርቱን አወቀችው። አልገባችም፤ ዞራ መንደሩን በእልልታ አቀለጠችው።

«እልልል! ኑ ውጡ! አስማማው መጣ!»

ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ። ካፖርቱን የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ሣሩ ለምን እንደተጎዘጎዘም አውቃለሁ። ቢሆንም ሮጥሁ። ነጠላዬ አጥሩ ላይ ቀረ። በሩ ጋ ስደርስ ጎንበስ ያለ የወንድ ጀርባ አየሁ። ዞር ሲል ፎቶ አንሺው ነው።

ግቢው በሰው ሞላ። እጃቸው ሊጥ እንደነካው የመጡ ሴቶች ነበሩ። እግራቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችን አያ ተገኝ ከዘራቸውን ረስተው በሰው ትከሻ ተደግፈው ደረሱ፤ የበሩን መቃንም ሳሙ። ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«የአስማማው እናት! እንኳን ደስ ያለሽ! የታለ? አሳዪን እንጂ!»

የአስማማው እናት ተብዬ ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

«አልመጣም» አልሁ። «የብርድ ልብስ ፎቶ ነው።»



«ለብርድ ልብስ? ይሄ ሁሉ ሣር?» አለች ሙሉ። ከዚያ «እኔን አፈር ይብላኝ!» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሜሮን ፊቷ ተለዋውጦ «እማማ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም…» ስትል አላስጨረስኋትም። «አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ» አልኋት።

ሰው አንገቱን ደፍቶ መበተን ጀመረ። አያ ተገኝ ግን ከበሩ አልተነቃነቁም።

«የት ነው የምትሄዱ? ሣር ከተጎዘጎዘ ወዲያ ሰው ሳይቀመጥበት ይጠረጋል እንዴ? ግቡ!»

ገብተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አያ ተገኝ በርጩማዋን ስበው ሊቀመጡ ሲሉ ሜሮን «አባባ፣ ሰባራ ናት!» ብላ ጮኸች። ያለቀሰውም ሳቀ።

ከዚያ አያ ተገኝ «አቡነ ዘበሰማያት» አስጀመሩ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው «ወልደ ሚካኤልን ካለበት አምጣልን» አሉ። ሁሉም «አሜን» አለ።

ወልደ ሚካኤል የልጄ የክርስትና ስም ነው።

«አያ ተገኝ፣ ስሙን ማን ነገረዎት?» አልኋቸው።

«በየቅዳሴው ስጠራው እንዴት ይጠፋኛል? እኔ ብቻ መሰልሁሽ? ሙሉም ትጠራዋለች። አንቺን እንዳናስለቅስሽ ፈርተን እንጂ።»

ያን ቀን ፎቶ ሳይነሣ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት አነሡ። ሜሮን የእመቤታችንን ሥዕል ወደ ቦታው መልሳ፣ ጉልበቴን ስማ ሄደች። ፎቶው የት እንደወጣ አላየሁም።

አስማማው ዛሬም አልመጣም። ቤቴም ጸጥ እንዳለ ነው። ሙሉ ግን ብቅ ትልና «ወሬ ሰማሽ?» ትለኛለች። «አልሰማሁም» እላታለሁ። ይህን የምመልስለት ሰው ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።